የጎጣችሁን ሰው ራሳችሁ እንዴት ትቆጥራላችሁ

ከቢቸና ወጣ ስትሉ ሜዳው ዓይን እስኪደክም ጤፍ ነው፣ መሀል ላይ ባህር ዛፍ የከበባቸው ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ካያችሁ በቃ እሱ አንድ ጎጥ ነው። እኔም እንደዛ ያለ ጎጥ ነው የተወለድኩት። ካርታ ላይ የለችም፣ የመጨረሻው የህዝብ ቆጠራ ደሞ በግንቦት 1999 ነው የተካሄደው፣ ህገ መንግስቱ በየ10 ዓመቱ ቢልም አራተኛው እየተራዘመ ቀርቷል። እና ጎጣችሁ ውሃ ስትጠይቅ "ስንት ሰው አላችሁ?" ከተባለ በግምት ከመመለስ መቁጠር ነው፣ ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው።

ወቅቱን ምረጡ። መስከረምና ጥቅምት ወጣቱ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ነው፣ ህዳርና ታህሳስ አጨዳና ውቂያ ነው ማንም አይሰማችሁም፣ ጥምቀት ላይ ደሞ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ እንግዳው ሲመለስ ጀምሩ።

ወረቀት ይዛችሁ ዘው አትበሉ። መጀመሪያ ለእድሩ ዳኛና ለሰንበቴው ሙሴ (ለማህበሩ መሪ) ንገሩ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እነሱ ለህዝቡ ያስረዱላችሁ። ሽማግሌዎቹ ቢጠራጠሩ አትፍረዱባቸው፣ በ1960 ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ ያዩ ሰዎች ናቸው፣ ለነሱ ቤት ለቤት መዝጋቢ ማለት ግብር ማለት ነው። ዳዊት ህዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት ወረደ የሚለውንም ያነሱባችኋል።

ለዚህ ነው ዋናው ነገር ቁጥር አለመጠየቅ፣ ስም መጠየቅ። እኔ መጀመሪያ አክስቴ ቤት ገብቼ "እታለም፣ ስንት ልጅ አለሽ?" ስላት "እግዜር የሰጠኝን ነዋ" ብላ ዝም አለች። "ማታ እዚህ ቤት የሚያድረው ማን ማን ነው?" ስላት ግን አንድ ባንድ ጠራችልኝ፣ እኔም ጻፍኩ፣ በኋላ ሳነብላት አንዱ ከሞተ ቆይቷል፣ ስሙን መጥራት ስላልተወች ነው። እንባዋ መጣ። ስለዚህ "አሁን አብሮሽ ነው?" እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ አትቸኩሉ።

በስም መቁጠር አንድ ቀዳዳ አለው፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ህፃናቱ ስም ላይኖራቸው ይችላል፣ "አራስ አለ ወይ?" ብላችሁ ለብቻው ጠይቁ።

ቤት የምትሉት ጣሪያውን ሳይሆን ማጀቱን ነው። ያገባው ልጅ እዛው ግቢ ጎጆ ቀልሶ ለብቻው የሚያበስል ከሆነ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ከእናቱ ማጀት የሚበላ ከሆነ እዛው ጻፉት።

የሚያስቸግረው የሄደው ሰው ነው። በ1989 የመሬት ድልድል ጊዜ ህፃን የነበሩትና ከዛ ወዲህ የተወለዱት አብዛኞቹ የራሳቸው ማሳ የላቸውም፣ ከአባታቸው ቆርሰው ካልሰጧቸው ከተማ ወይ መተማ መሄድ ነው፣ እናቶች ግን ሁሉንም "እዚህ ነው" ይላሉ። ከ6 ወር በላይ የሄደውን በሌላ ዓምድ ጻፉ፣ ወዴት እንደሄደም ጨምሩ፣ ግን እንዳትሰርዙት፣ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው ይሄን ዓምድ ነው። የቆሎ ተማሪዎችንም አትርሱ፣ ከሩቅ መጥተው ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጎጆ ያላቸው ከየኔታ ጋር ዓመት ዓመት የሚቀመጡ ናቸው፣ ውሃውን እነሱም ይጠጡታል።

እድሜ ሲሆን "ስንት ዓመትዎ ነው?" ብትሉ 50፣ 60 ነው የሚሏችሁ። "መሬት ላራሹ ሲታወጅ ምን ያህል ነበሩ?" በሉ፣ እሱ 1967 ነው። ለወጣቶቹ ደሞ እናቶቻቸውን፣ ደርግ የወደቀበትን 1983ን፣ የመሬት ድልድሉን፣ ወይ የህዳሴ ግድብ መሰረት የተጣለበትን 2003ን እያነሳችሁ ጠይቁ፣ "ያኔ አዝዬው ነበር" ትላለች፣ በቃ ተገኘ።

ሲያልቅ ደምሩትና ከጤና ኤክስቴንሽኗ የቤተሰብ ማህደር ጋር አስተያዩት፣ ልዩነት ያለበትን ቤት ተመልሳችሁ እዩ። ለውሃ ከሆነ የገጠር መለኪያ ተብሎ የወጣው በ1 ኪሎሜትር ውስጥ ለሰው በቀን 25 ሊትር ነው፣ 180 ሰው ብትሆኑ በቀን 4500 ሊትር ማለት ነው፣ ማመልከቻው ላይ ይሄንኑ ጻፉት። ዝርዝሩን በሞባይል ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ለእድሩ ፀሐፊ ስጡት፣ የተወለደና የሞተ ሲኖር እሱ እዛው ላይ ይጨምርበታል።