ከለገሃር እስከ ታጁራ፦ በሐረርና በበረሃው በኩል ወደ ባሕር ስትወርዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቢሮዬ ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። የሚገባ ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ ነው። በጣቱ ከአዲስ አበባ ይነሳና አዋሽን፣ ሐረርን፣ ድሬዳዋን፣ ጅቡቲን እየነካ ይሄዳል። ጣቱ ባሕር ዳርቻው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «አምስት ቀን ይበቃናል፣ አይደል?» ይለኛል። ቡድን እየመራሁ በዚህ መንገድ ዓመታት ተመላልሻለሁ፤ አይበቃም። ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው የት የት ላይ እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ጉዞውን በኪሎሜትር ማስላት

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ናት። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሰው በዚያው ቀን ሊገባ ይችላል። ግን እዚህ መንገድ ላይ ሰውን የሚጥለው ርቀቱ አይደለም፣ መውጣትና መውረዱ ነው። ለገሃር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ የጨርጨርን ተራራ ይዞ እንደገና ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪንና ሂርናን አልፋችሁ ቁልቢ ስትደርሱ ያወለቃችሁትን ጃኬት ትፈልጋላችሁ። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው፤ መጨረሻችሁ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የተኛው የጅቡቲው አሳል ሐይቅ፣ በመላው አፍሪካ ዝቅተኛው መሬት ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ብርድ የለመደ ነው፤ ሙቀት ለመልመድ ሰውነቱ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ ወይም አሰበ ተፈሪ እደሩ። ሐረር ሁለት ሙሉ ቀን፣ ድሬዳዋ አንድ ቀን፣ ለድንበሩ አንድ ቀን፣ ጅቡቲ ሦስት ቀን፣ ለመልስ ሁለት ቀን። አሥር ቀን ማለት ነው። አሥር ቀን የሌለው ሰው ሐረርና ድሬዳዋን ብቻ ተደስቶ አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ይህን የምለው ደንበኛ እያጣሁም ቢሆን ነው።

በክረምት መውረድ

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ቤተሰብ የሚመርጠው ያን ጊዜ ነው። ከቢሮዬ መስኮት ዝናብና ጭቃ ሲታይ ባሕር ዳር ያጓጓል። ጅቡቲ ግን በዚያ ወቅት ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ ካምሲን የሚሉት አቧራ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። ልጅ ይዛችሁ እዚያ አትግቡ። ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው።

በእነዚያ ወራት ውስጥም የምትጠነቀቁላቸው ቀናት አሉ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ይሞላል፣ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር አልጋ አይገኝም። ለንግሡ የምትሄዱ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ አንድ ሳምንት አሳልፉት። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በየትኛው ወር እንደሚውል ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ተመልከቱ። በረመዳን ሐረርም ጅቡቲም ቀን ላይ ምግብ ቤት ይዘጋል፤ ከአፍጥር በኋላ ግን ከተማው እንደገና ነፍስ ይዘራል፣ እንግዳም ይጋበዛል። የነቢያት ጾምም ከኅዳር 15 ጀምሮ በዚሁ ወቅት ውስጥ ነው። የምትጾሙ ከሆነ፣ ወይም የሙስሊም እርድ የማትበሉ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ለመሪው ንገሩ። ሽሮና ምስር በሐረር ችግር የለም፤ ጅቡቲ ውስጥ ግን ካልታሰበበት ዳቦ ስትገምጡ ትሰነብታላችሁ።

ባቡሩ ከለገሃር የሚነሳ መምሰል

ይህን በአጭሩ። የጥንቱ የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ የቆመው እዚሁ ለገሃር ነው፤ ሻንጣቸውን እየጎተቱ እዚህ የሚመጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። ድሬዳዋም ሆነ ጅቡቲ ነጋድ ላይ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከጣቢያው ወደ ሆቴል ማን እንደሚወስዳችሁ ሳታውቁ ትኬት አትቁረጡ። የመነሻ ቀኑ ስለሚለዋወጥም በቀድሞ መንገደኛ ወሬ አትመሩ፤ ከጣቢያው ጠይቁ።

በራስ ሰዓትና በራስ ቀን መቁጠር

በአንድ ጉዟችን ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት አብረውን ነበሩ። ባሕር አይተው አያውቁም። ጅቡቲ በገባን ማግስት ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ ልንሄድ ነበርና ባለጀልባው በፈረንሳይኛ «ስድስት ሰዓት» አለን። እኔም እንዳለው ተረጎምኩት፤ ስድስት ሰዓት። ለእሱ ስድስት ማለት የእኛ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ነው። ብዙዎቹ ልምድ ስለነበራቸው ገባቸው። መምህርቷ ግን በትንሿ ደብተራቸው «6፡00» ብለው ጽፈው በእኛ አቆጣጠር እኩለ ቀን ነው ብለው ተኙ። በሁለት መኪና ስለነበርን የፊተኛው ከኋለኛው ጋር ናቸው አለ፣ የኋለኛው ከፊተኛው ጋር። ጀልባው ነፋስ ሳይነሳ መውጣት ነበረበትና ወጣን። ስንመለስ ሆቴሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በፌስታል የቋጠሩትን ዳቦ ቆሎ ጭናቸው ላይ ይዘው። አልተቆጡም። ደብተራቸውን ገልጠው «ይኸው፣ ስድስት ብለኸኛል» አሉኝ። በማግስቱ ሌላ ጀልባ ተከራይተን ወሰድናቸው፤ ያቺ ደብተር ግን ከዓይኔ አትጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቀጠሮ በሁለት ዓይነት እጽፋለሁ፦ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በእነሱ 06፡00»። እናንተም መሪያችሁን እንደዚያ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ቀኑንም እንደዚሁ። ለሆቴልና ለጀልባ «በ10/4» ብላችሁ ከላካችሁ፣ እናንተ ታኅሣሥ 10 ስትሉ እነሱ ኤፕሪል 10 ብለው ይይዙላችኋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ።

ሐረርን በአንድ ከሰዓት በኋላ መጨረስ

የጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በእግር ከዳር ዳር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ ዛሬም መግቢያ ናቸው። ዩኔስኮ ከተማውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን በውስጡ 82 መስጊዶችን ቆጥሯል። እነዚህን ነገሮች ከየትም ማንበብ ይቻላል። የሐረሪ ቤት ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ግን ጊዜ ይጠይቃል።

ጫማችሁን በር ላይ ታወልቃላችሁ። ከፊታችሁ ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ አለ፣ ነደባ ይሉታል። ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር የተለየ ነው፤ እንግዳ ዘው ብሎ ከፍተኛው ላይ ሲወጣ ባለቤቶቹ ምንም አይናገሩም፣ ይከፋቸዋል ግን። እስኪያስቀምጧችሁ ቁሙ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ሥራ አለው። የቤቱን እመቤት ስለ አንዱ ብትጠይቋት ቡና እስኪፈላ ታጫውታችኋለች። በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት በር፣ ሁለት ሙዚየምና ጅብ ያየ ቡድን እዚህ ቤት ደጃፍ ላይ ፎቶ አንስቶ ያልፋል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሄደው መሪያችሁ ብቻ አይበቃም፤ እዚያው ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ ያዙ። የሚነገራችሁንም እያመዛዘናችሁ ስሙ። «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ያማረ ቤት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የኖረበት አይደለም፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሐረር ከወጣ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ግን ለብቻቸው መሄድ የሚገባቸው ናቸው። ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በዛሬዋ ጅቡቲ ባሕር ዳር ባለችው ታጁራ ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው፤ በአምስት ቀን ካልጨረስን ለሚሉኝ ይህን አወራላቸዋለሁ።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ስታዩ ፍላሽ አታብሩ፣ አትሩጡ። ገበያ ላይ ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

ድሬዳዋን የመኪና ማረፊያ ማድረግ

ከደንገጎ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ብዙ ሰው «ምሳ በልተን እንለፍ» የሚለው እዚህ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ስለቆመ ነው፤ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ጠዋት ቀፊራ ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ የከዚራን ጥላማ ጎዳና በእግር፣ ከዚያም የጥንቱን የባቡር ጥገና ግቢ እዩ።

ወባን ቆላ ትቶ የመጣ መምሰል

አዲስ አበባ ወባ ስለሌለ ሰውነታችን አያውቀውም። ከአዋሽ ጀምሮ ግን አለ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ቀን ቀን በሚናከስ ትንኝ የሚተላለፈው ደንጊም ተከስቶ ያውቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ያዙ፣ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው። አንድ የቡድናችን ሰው ከተመለስን በአሥራ ሁለተኛው ቀን አተኮሰው። ክሊኒክ ሄዶ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። አዲስ አበባ የሚኖርን ሰው ወባ የሚጠረጥርለት የለም። ደክሞ ሲደውልልኝ «ቆላ ወርጄ ነበር ብለሃቸዋል?» አልኩት። አላለም። በዚያው ቀን ደሙ ታየና ታከመ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢነካችሁ፣ ለሐኪሙ የምትነግሩት የመጀመሪያ ነገር የሄዳችሁበትን ቦታ ይሁን።

ደወሌ ላይ ማን እንደሚረከባችሁ አለመጠየቅ

የጉዞ ውል ስትፈርሙ «ሁሉም ተካቷል» በሚለው ቃል አትርኩ። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ደወሌ ድንበር ላይ ማን ይረከበናል?» የሚረከባችሁ ጅቡቲያዊ መሪና መኪና ከነስልክ ቁጥሩ ከተነገራችሁ ውሉ የታሰበበት ነው። ጀልባው፣ ቪዛው፣ የሐረሩ አስጎብኚ፣ ውሃው ተካቶ እንደሆነም በጽሑፍ አስቀምጡ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ የተሳሰረ ስለሆነ እዚያ ሁሉ ነገር በብር ሲታሰብ ውድ ነው፤ ያልተካተተው ነገር ኪስ ይጎዳል።

ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ቪዛውን ዛሬውኑ ተመልከቱለት። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ቪዛ የያዘ ሰው ደወሌን ሲሻገር ቪዛው አበቃ፤ ተመልሶ ለመግባት ሌላ ያስፈልገዋል። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያለው ደግሞ ቤቱ ትቶት እንዳይመጣ።

ካሜራን ሁሉ ቦታ ማውጣት

ጅቡቲ ውስጥ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይናና የጃፓን ጦር ሰፈሮች አሉ። ወደቡን፣ ወታደርን፣ ኬላን ፎቶ አታንሡ። ካሜራችሁን ለአሳል አቆዩት። እዚያም ስትደርሱ ባዶ እግራችሁን አትግቡ፤ ነጭና ለስላሳ የሚመስለው ጨው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል፣ ውሃው ደግሞ ከባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ስለሆነ ቁስሉን ያነድዳል። የላስቲክ ጫማ አድርጉ፣ መታጠቢያ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን ያዙ።

አፋርን በሩጫ ማለፍ

በሌላው ድንበር በጋላፊ በኩል ስትመለሱ ምድሩ የአፋር ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የት ዝናብ ጣለ፣ የቱ መንገድ ተበላሸ፣ ማን አለፈ። አብሯችሁ ያለው የአካባቢው ሰው መኪናውን አስቁሞ ሲወርድ ሾፌሩን «ቶሎ በል» አታስብሉት። ከማንም ካርታ የሚበልጥ ወሬ ይዞላችሁ ይመለሳል፤ በዳጉ ምክንያት ጎርፍ ከሞላው ወንዝ መለስ ብለን ያደርንበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ሎጊያ ወይም አዋሽ አንድ ሌሊት እደሩ። የወደቡን ጭነት የሚያመላልሱት ተሳቢዎች በዚያ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ የኋላ መብራቱ አይበራም፣ አንዳንዱ ተበላሽቶ ድንጋይ ብቻ ከኋላው አስቀምጦ አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ሾፌራችሁ «እንግፋው፣ ቤታችን እንደር» ቢል እንኳ እምቢ በሉት። ጎህ ሲቀድ ከአዋሽ ከተነሳችሁ ለምሳ ለገሃር ናችሁ።