የኮሌጅ ስፖርተኛ ልጅዎ ሲጎዳ የሕክምና ምስጢሩን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በእኛ ዘንድ የታመመን ሰው አለመጠየቅ ያስወቅሳል፤ ተጠይቆ አለመናገርም እንደ ኩራት ይቆጠራል። ይህ ልማድ ብዙዎቻችንን በስደት አገር ደግፎ ያቆየ ሀብት ነው። ሆኖም ልጃችን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ የሚሮጥ ወይም የሚጫወት ከሆነ፣ ስለ ጉልበቱ ወይም ስለ ቁርጭምጭሚቱ የተነገረች አንዲት ቃል ከጠያቂው ወደ ዋትስአፕ ቡድን፣ ከዚያ ወደ ደጋፊዎች፣ ከዚያም በጨዋታው ላይ ገንዘብ ወደሚያስይዝ ሰው ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አይፈጅባትም። ከዚህ በታች ያለው በዋነኛነት ለወላጆች የተጻፈ ነው፤ ለደጋፊዎችም ጥቂት እጨምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና የአገር አቋራጭ ሯጭ ሳለች ቅልጥሟ ላይ ከልምምድ ብዛት የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ተገኘባት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጭንቀቴን ፊቴ ላይ አይታ ለጠየቀችኝ እህት ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷም በቅን ልብ «ጸልዩላት» ብላ ለማኅበራችን ቡድን ጻፈችው። ማክሰኞ ዕለት በሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትሮጥ የአገራችን ልጅ ልጄን «ዓመቱን ሙሉ አትሮጪም አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። በዚያን ሰዓት ልጄ ውጤቱን ለቡድን ጓደኞቿ እንኳ ገና አልተናገረችም ነበር። ሐኪሙ ምስጢሯን ጠብቋል፤ ያወጣሁት እኔ እናቷ ነኝ። ሕጉ ሐኪሙን እንጂ እናትን እንደማይይዝ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉ እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ ማንን ይይዛል?

ሁለት የፌዴራል ሕጎች አሉ። አንደኛው በ1996 የወጣውና በአጭር ስሙ ሂፓ የሚባለው የጤና መድን ሕግ ነው፤ የሚያስገድደው ሆስፒታሎችን፣ ሐኪሞችን፣ የመድን ድርጅቶችንና ለእነርሱ የሚሠሩትን ነው። ሁለተኛው በ1974 የወጣውና ፈርፓ የሚባለው የተማሪዎች መዝገብ ሕግ ነው። ብዙ ወላጆች ዩኒቨርሲቲው ስለ ልጃቸው የያዘው የጤና መረጃ ሁሉ በሂፓ የሚጠበቅ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል የሚይዛቸው ብዙዎቹ መዝገቦች እንደ ትምህርት መዝገብ ተቆጥረው በፈርፓ ሥር ይወድቃሉ፤ ሂፓም በፈርፓ የተያዙትን መዝገቦች ከራሱ ወሰን አውጥቷቸዋል። ስለዚህ «ይህ መዝገብ በየትኛው ሕግ ነው የሚጠበቀው?» ብሎ መጠየቅ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከተበላሸ አቤቱታ የሚቀርብበትን መሥሪያ ቤት የሚወስነው መልሱ ነው።

ከፈርፓ ድንጋጌዎች ለእኛ ለወላጆች የሚከብደው አንድ አለ። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ የመዝገቡ መብት ከወላጅ ወደ ልጁ ይተላለፋል። ልጁ በግብር ማስታወቂያችሁ ላይ እንደ ጥገኛ የተመዘገበ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ለወላጅ ሊያሳይ ይችላል፤ እንዲያሳይ ግን አይገደድም። ሕይወትን ወይም ደኅንነትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ሲደርስም ለወላጅ መንገር ይፈቀዳል። ከዚህ ውጭ አሠልጣኙ «ልጅዎን ይጠይቁ» ቢልዎ ንቀት አይደለም፤ ሕጉን እያከበረ ነው።

ጋዜጠኛን፣ ደጋፊን፣ ጎረቤትንና አክስትን ከሁለቱ ሕጎች አንዱም አይይዛቸውም። «ሂፓ ይከለክላል» ብሎ የሠፈር ሰውን ዝም ማሰኘት አይቻልም። በዚህ በኩል ያለው ብቸኛ አጥር ቤተሰቡ ራሱ የሚያጥረው ነው።

ከመፈረም በፊት

በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ልጁ ብዙ ቅጾች ይቀርቡለታል፤ አብዛኞቹን በስልኩ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈርሞ ይጨርሳቸዋል። እኔ ከምመክረው ሁሉ ትልቁ ይህን ደቂቃ ወደ አንድ ምሽት ማርዘም ነው። ቅጾቹን አትሙና ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው። በሂፓ ደንብ መሠረት የጤና መረጃን ለሌላ ወገን ለማስተላለፍ የሚፈረም የፈቃድ ወረቀት የትኛው መረጃ እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚቀበል፣ ለምን ዓላማ እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ መግለጽ አለበት፤ የፈረመው ሰው በጽሑፍ ሊሽረው እንደሚችልም መናገር አለበት። ቅጹ በፈርፓ የሚገዛ ቢሆንም እነዚህኑ ጥያቄዎች አንሡ። ከተቀባዮቹ መካከል «መገናኛ ብዙኃን» ወይም «የስፖርት መረጃ ክፍል» (ስለ ቡድኑ ለጋዜጠኞች ዜና የሚያቀብለው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ) የሚል ካገኛችሁ እዚያ ላይ ቁሙ፤ ልጁ ሕክምናው ሳይስተጓጎል ያንን ክፍል ሰርዞ መፈረም ይችል እንደሆነ የቡድኑን ኃላፊ በጽሑፍ ጠይቁ። የፈረመውን ቅጂ ደግሞ ቤት አስቀምጡ።

ለአሠልጣኙ ምን ያህል እንደሚነገርም ቀድሞ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ኮሌጆች አትሌቲክ ትሬነር የሚባለው፣ በእኛ እግር ኳስ የቡድን ወጌሻ የምንለውን ቦታ የያዘ ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ልጁ ልምምድ መሥራት ይችል ወይም አይችል እንደሆነ ለአሠልጣኙ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ምርመራው በሙሉ፣ የሚወሰደው መድኃኒት፣ የወር አበባ ሁኔታ፣ የአእምሮ ጤና ክትትል ግን ለዚያ ውሳኔ ሁልጊዜ የሚያስፈልጉ አይደሉም። ልጁ «ለአሠልጣኜ መሮጥ እንደማልችልና መቼ እንደምመለስ ብቻ ይነገረው» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ በተለይ የረጅም ርቀት ሯጭ ሴቶች ልጆቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር ሳያፍሩ እንዲናገሩ ልናስለምዳቸው ይገባል።

ከምርመራዎቹ ሁሉ ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ አለ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ፣ በ2006 በራይስ ዩኒቨርሲቲ አንድ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ከልምምድ በኋላ መሞቱን ተከትሎ፣ ከ2010 ጀምሮ በከፍተኛው የውድድር ደረጃ በዲቪዥን አንድ የሲክል ሴል ባሕርይ (የቀይ የደም ሴልን የሚነካና በከባድ ልምምድ ጊዜ አደጋ ሊያመጣ የሚችል የዘር ባሕርይ) ምርመራን በደንቡ አስገብቷል። ምርመራው ሕይወት ያድናል፤ ልጁ ሊያደርገው ይገባል። ነገር ግን ይህ በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ በመሆኑ የልጁ ውጤት ስለ አባቱ፣ ስለ እናቱና ስለ ወንድሞቹም ይናገራል። ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው መጠየቅ የቤተሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ፈርፓ «የማውጫ መረጃ» የሚለው ክፍልም አለ። ዩኒቨርሲቲው የልጁን ስም፣ በስፖርት ቡድን መሳተፉን፣ የስፖርተኛውን ቁመትና ክብደት እንኳ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል፤ ተማሪው ግን ይህን የመከልከል መብት አለው። ክብደቷ በአደባባይ መጻፉ የሚያሳስባት ሯጭ ይህን ብትጠቀምበት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ክልከላው ስሟን ከቡድኑ ዝርዝርና ከምረቃው መጽሔት ጭምር ሊያስወጣው ስለሚችል ከመፈረሟ በፊት ወሰኑን ታጣራ።

ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጅ የጤና መድን ሊቆይ ስለሚችል የሕክምናው ዝርዝር የሰፈረበት ደብዳቤ ወደ ወላጅ ቤት ይመጣል፤ እንግዳ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አይቀር። እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ ደግሞ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የሠፈር ሰው ይዞ ከመግባት ይህን መጠየቅ ይሻላል።

ጉዳቱ በደረሰ ዕለት

ስልኩ መጮህ ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ፤ የሚያዘጋጀውም ልጁ ይሁን። እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት ሁሉ ያንኑ ይናገሩ፤ አንዱ «ጅማት ነው» ሌላው «አጥንት ነው» ካለ ጠያቂው ሁለቱን ገጣጥሞ ሦስተኛ ወሬ ይሠራል። እኛ ቤት የምንለው ይህ ነው፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ሕክምናዋን እየተከታተለች ነው፣ ደኅና ናት። ዝርዝሩን ራሷ ስትፈልግ ትነግርዎታለች፤ በጸሎትዎ ያስቧት።» ጠያቂው የፈለገውን ክብር ያገኛል፤ እናንተም አልዋሻችሁም። «ምንም አልሆነችም» ብሎ መካድ ግን ክፉ ነው፤ ነገ በክራንች ስትታይ እምነት ያሳጣል።

ከፍ ባለ ደረጃ ይህን የሠራ ቤተሰብ አለ። የቅርጫት ኳስ ኮከቡ የሌብሮን ጄምስ ልጅ ብሮኒ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች ሆኖ በሐምሌ 2023 በልምምድ ላይ ልቡ ሲቆም፣ በማግስቱ የቤተሰቡ ቃል አቀባይ የሆነውንና ልጁ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል መውጣቱን በአጭሩ ገለጸ፤ ምስጢራቸው እንዲከበርም ጠየቀ። ዓለም ሁሉ ምክንያቱን ሲገምት፣ አንዳንዱም ከክትባት ጋር ሲያያይዘው፣ ቤተሰቡ ምርመራው እስኪያልቅ ጠበቀ። ከተወለደ ጀምሮ የነበረ የልብ ችግር መሆኑን የተናገሩት ከአንድ ወር በኋላ በነሐሴ ነው። ሊናገሩ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ መቼና ምን ያህል እንደሚናገሩ ግን ራሳቸው ወሰኑ።

የእርዳታ ገንዘብ በጎፈንድሚ ማሰባሰብ ካስፈለገ «የሕክምና ወጪ» ማለት ይበቃል። የኤምአርአይ ምስል፣ የክፍል ቁጥር፣ የሆስፒታል የእጅ አንባር ፎቶ በምንም ምክንያት አይለጠፍ።

ስለ ውርርድ

ይህን ክፍል ለማስረዘም የተገደድኩት ብዙ ወላጆች «የእኔን ልጅ ጉልበት ማን ይፈልገዋል?» ስለሚሉ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2018 የስፖርት ውርርድን የሚያግደውን የፌዴራል ሕግ ከሻረ ወዲህ በብዙ ግዛቶች ማንም በስልኩ ያስይዛል፤ በብዙ ቦታም በአንድ ተጫዋች ነጥብ ብቻ ላይ ማስያዝ ይቻል ነበር። እንዲህ ላለው አስያዥ «ዛሬ ቁርጭምጭሚቱን አሞታል» የሚል ወሬ ገንዘብ ነው። ኤንሲኤኤ ይህ ዓይነቱ ውርርድ በኮሌጅ ተጫዋቾች ላይ እንዲቀር ጠይቆ፣ በ2024 ሜሪላንድና ኦሃዮን ጨምሮ አንዳንድ ግዛቶች ከልክለውታል።

በዚሁ ዓመት የቶሮንቶው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጆንቴይ ፖርተር ከኤንቢኤ ለዘለቄታው ታገደ። ሊጉ እንዳስታወቀው ከጥፋቶቹ አንዱ ስለ ራሱ ጤና የሚያውቀውን ለአንድ ተወራራጅ መንገሩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለማግኘት 80,000 ዶላር አስይዟል። በኮሌጅ ደረጃም ኤንሲኤኤ ስፖርተኞች ለሚወራረድ ሰው መረጃ እንዳይሰጡ ይከለክላል። የራስ ሕመም እንኳ ለማን እንደሚነገር ልጁ ማወቅ አለበት፤ ቤቲንግ ለሚጫወት የአጎት ልጅ በቀልድ የተላከች መልእክት የልጁን የመጫወት መብት አደጋ ላይ ልትጥል ትችላለች።

ታላላቆቹ የውድድር ማኅበራት ይህን ጫና ለማቅለል የተጫዋች ዝግጁነት መግለጫ ማውጣት ጀምረዋል፦ ቢግ ቴን በ2023፣ ኤስኢሲ በ2024 በአሜሪካን ፉትቦል። መግለጫው ተጫዋቹ ይሰለፋል ወይም አጠራጣሪ ነው ይላል እንጂ ምን እንደታመመ አይናገርም። የአሜሪካን ፉትቦል የሙያ ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል የተጎዳውን የአካል ክፍል ጭምር ያሳውቃል፤ እዚያ ግን ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል የሚደራደሩ ሠራተኞች ናቸው። በእኔ እምነት የኮሌጆቹ ወሰን ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ደጋፊ ማን እንደሚሰለፍ ማወቁ ተገቢ ነው፣ የቀረው የልጁ ነው።

ደጋፊ ለሆናችሁ

ከመግለጫው በላይ አትቆፍሩ። የተጎዳን ልጅ ቪዲዮ እያዘገያችሁ የጅማቱን ስም አትሰይሙ፤ በግቢ ውስጥ በክራንች ሲሄድ አታንሡት፤ በግል መልእክት «ትጫወታለህ ወይ?» አትበሉት፣ ይህን ጥያቄ የሚልከው ሌላው ሰው አስያዥ ስለሆነ ልጁ እናንተን ከእርሱ የሚለይበት መንገድ የለውም። «እግዚአብሔር ይማርህ» መልስ የማይጠይቅ ቃል ነው፤ እሱን ላኩ።

ምስጢሩ ከወጣ

መጀመሪያ አታረጋግጡ፣ አታስተባብሉም፤ የተዘጋጀችውን ዓረፍተ ነገር ድገሙ። ከዚያ ከየት እንደወጣ መርምሩ፤ የታየውን ጽሑፍ ከነቀኑና ሰዓቱ በስልክ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ከቤተሰብ ወይም ከማኅበር የወጣ ከሆነ መልእክቱ እንዲነሣ በጨዋ ቃል ጠይቁ፤ ለእኔም ያቺ እህት ወዲያው አንሥታልኝ ነበር፣ ይቅርታም ተጠያይቀናል። ከሆስፒታል ወይም ከመድን ድርጅት ከወጣ አቤቱታው ለፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ይቀርባል፤ ከዩኒቨርሲቲው የተማሪ መዝገብ ከወጣ ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴሩ የተማሪዎች ምስጢር ጉዳይ ቢሮ። ለሁለቱም ነገሩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው። በፈርፓ መሠረት ግለሰብ ዩኒቨርሲቲን በቀጥታ መክሰስ እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 ስለወሰነ ይህን ቀን ማሳለፍ አይገባም፤ የግዛቱ ሕግ ሌላ መንገድ ይሰጥ እንደሆነም ጠበቃ አማክሩ። የፈርፓውን አቤቱታ የሚፈርመው ግን ተማሪው ራሱ ነው፤ ወላጅ ወረቀቱን ሊያዘጋጅለት፣ አብሮት ሊቀመጥ ይችላል፣ ብዕሩን ግን ለልጁ ይስጠው።