ጠበቃ መጠጥ ለማቆም ሲወስን፦ ሕክምናውና መዝገቦቹ

ጠበቃን ከሕክምና የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የቀጠሮ አጀንዳው ነው። «ይህ ክርክር ይለቅና» ይላል፤ እሱ ሲያልቅ ሌላ መዝገብ ይከፈታል። ባዶ ወር አይመጣም። ስለዚህ ሕክምናውና የመዝገብ ርክክቡ ጎን ለጎን ይዘጋጁ።

«ቀጠሮ አምልጦኝ አያውቅም» ማለት የመጠጥ ችግር እንደሌለ ማስረጃ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍና ቤት ቀድመው ይናጋሉ፤ ሥራው የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከ12,825 አሜሪካውያን ጠበቆች 20.6 በመቶው የአደገኛ አጠጣጥ ምልክት ታይቶባቸዋል፤ የባሰውም በሙያው የመጀመሪያ 10 ዓመት ላይ ባሉት ዘንድ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» የተባለ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ አደገኛ አጠጣጥን ያሳያል፤ 20 ከደረሰ የጥገኝነት ምርመራ ያሻል። ስሌቱ የሚሳሳተው «አንድ መጠጥ» የሚለው ላይ ነው፦ መለኪያው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ሲሆን፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ግን 13 ግራም ገደማ ይይዛል። ጥያቄዎቹን እንደ መስቀለኛ ጥያቄ አይከራከሯቸው። ለሐኪም ቀንሰው የነገሩት ቁጥር የመድኃኒቱን መጠን ያሳስታል።

በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ያለ ሐኪም በአንድ ሌሊት አያቁሙ። ከሁሉ አብልጠን የምናስጠነቅቀው ይህንን ነው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንፈራገጥ በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ መቃዠትና ራስን መሳት ያለበት፣ ለሕይወት የሚያሰጋው ደረጃ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ዓርብ ማታ አቁሞ ሰኞ ለመከራከር ያሰበ ሰው ከባዱ ሰዓት የሚያገኘው ችሎት ፊት ነው። ሐኪሙ የሚያረጋጋ መድኃኒት እየቀነሰ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1 ይጨምርበታል። ለእንቅልፍ ወይም ለጭንቀት ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒትም በድንገት አያቋርጡ፤ ቅነሳው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

ሐኪም ቤት ከመግባትዎ በፊት ክፍት መዝገቦችን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ያስፍሩ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀጣይ ቀጠሮ፣ የይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) እና የይግባኝ ጊዜ ማብቂያ፣ ያልቀረበ መልስ፣ የደንበኛው ስልክ፣ በእጅዎ ያለ ዋና ሰነድ፣ በአደራ የያዙት ገንዘብ። ሲደረድሩ የይርጋና የይግባኝ ቀኖችን ከቀጠሮ ያስቀድሙ፤ ቀጠሮ ሊለወጥ ይችላል፣ ያለፈ ይርጋ ግን በአብዛኛው አይመለስም። የሚረከበው ባልደረባ ደንበኛው የፈቀደው፣ ሕጉ ከጠየቀም አዲስ ውክልና የተሰጠው ይሁን። ለደንበኛ «ሕክምና ላይ ነኝ» ማለት ይበቃል።

የአደራ ሂሳቡ ጎድሎ ከሆነ ከሌላ ደንበኛ ገንዘብ አይሙሉት። መጠጡ ያላሳጣውን የጥብቅና ፈቃድ ይህ ያሳጣል። ለማንም ከመናገርዎ በፊት እርስዎ ራስዎ ጠበቃ ያማክሩ። የጠበቆች ማኅበርዎ የድጋፍ አገልግሎት ካለው የመጀመሪያ ጥያቄዎ «የምነግራችሁ ለዲሲፕሊን ይደርሳል?» ይሁን፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በመደጋገፊያ ቡድን ውስጥ ስለራስዎ ሁሉን ይናገሩ፤ የደንበኛ ስምና ጉዳይ ግን እዚያም ምስጢር ነው።

ሲመለሱ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ክርክር ብቻዎን አይያዙ፤ እንቅልፍና ትኩረት ቶሎ አይስተካከሉም። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሰው ናልትሬክሶን የተባለ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በቀን 50 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ እንደ ሞርፊን ያለ የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ግን አይሰጥም። የተሸነፉበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ያሸነፉበትንም ምሽት አስቀድመው ያስቡበት፦ ከችሎት ሲወጡ የሚደውሉለት ሰው ከጠዋቱ የታወቀ ይሁን። ሰንጠረዡንም በየሳምንቱ እያደሱ ለባልደረባዎ ይላኩ። ዳግም ከጠጡ በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ፣ የነገውንም የችሎት ቀጠሮ ለባልደረባዎ ያስተላልፉ።