የተቆለፈ ሮስተር መምህሩን ሲከለክል፦ በጉግል ሺትስ የማረም ፈቃድን ፈትሾ ማስተካከል

በጉግል ሺትስ (በኢንተርኔት በሚሠራው የሠንጠረዥ ፕሮግራም) የሚዘጋጅ የክፍል ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች ማርክ መመዝገቢያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደራጀው የስም ዝርዝሩ፣ የድምሩ፣ የአማካዩና የደረጃው ዓምዶች ተቆልፈው፣ እያንዳንዱ መምህር የራሱን የትምህርት ዓይነት ዓምድ ብቻ እንዲሞላ ተደርጎ ነው። ችግሩ የሚታየው የማርክ ማስገቢያው ጊዜ ደርሶ የፊዚክስ መምህሩ ቁጥር ሊጽፍ ሲሞክር፣ ሴሉ (የሠንጠረዡ ሳጥን) የተቆለፈ እንደሆነና የፋይሉን ባለቤት ማነጋገር እንዳለበት የሚገልጽ መልእክት ሲመጣበት ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን በሙሉ አንስቶ መገላገል የተለመደ ቢሆንም፣ አንድ ሰው ሳያስበው የደረጃውን ፎርሙላ ቢሰርዝ የክፍሉ ውጤት ሁሉ ስለሚዛባ አይመከርም።

ፈቃዱ በሁለት ቦታ እንደሚሰጥ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው «ሼር» በሚለው በኩል ለፋይሉ በሙሉ የሚሰጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ሺት (በፋይሉ ውስጥ ባለ አንድ ገጽ) ወይም በተመረጡ ሴሎች ላይ የሚደረገው ቁልፍ ነው። ቁልፉ በሼር ከተሰጠው ፈቃድ ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ መምህሩ በሌላ ባልተቆለፈ ባዶ ሴል ላይ አንድ ፊደል እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ እዚያም ካልቻለ ችግሩ ከሼሩ ነው፤ «ቪወር» (ማየት ብቻ የሚችል) ወይም «ኮመንተር» (አስተያየት ብቻ የሚሰጥ) ሆኖ ገብቶ ይሆናልና ወደ «ኤዲተር» (ማረም የሚችል) ይለወጥ።

መጻፍ ከቻለ ደግሞ የገባበት አካውንት ይታይ። ፈቃዱ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ተሰጥቶ ሳለ መምህሩ ብራውዘሩን በግል ጂሜይሉ ከፍቶት ሊሆን ይችላል፤ በስተቀኝ ከላይ ያለችው ክብ ምስል ስትነካ የትኛው አካውንት እንደሆነ ታሳያለች። ፋይሉ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ለአርትዖት ክፍት ከሆነም፣ ወደ አካውንቱ ሳይገባ የመጣ ሰው በራሱ ስም ሳይሆን ጉግል በሚሰጠው የእንስሳ ስም ብቻ ይታያል፤ ቁልፉ የሚለየው በኢሜይል ስለሆነ ይህ ሰው የተቆለፈውን ሴል ሊያርም አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚያደክመው ግን የቁልፎች መደራረብ ነው። ባለቤቱ በኮምፒውተር «ዳታ» ከሚለው ሜኑ «ፕሮቴክት ሺትስ ኤንድ ሬንጅስ» የሚለውን ሲከፍት ቁልፎቹ በስተቀኝ ተዘርዝረው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ እየነካ የያዙትን ክልልና የተፈቀደላቸውን ሰዎች ይመልከት። አንድ ሴል በሁለት ቁልፎች ሥር ከወደቀ ሰውየው በሁለቱም ላይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባልና፣ ባለፈው ሴሚስተር ተቆልፎ የተረሳ ክልል አዲሱን ፈቃድ ከንቱ ያደርገዋል። ሺቱ በሙሉ ተቆልፎ ከ3ኛው እስከ 52ኛው ረድፍ ያሉት የማርክ ሴሎች ብቻ ከቁልፉ ውጪ ከተደረጉም፣ በዓመቱ አጋማሽ ተዛውሮ መጥቶ በ53ኛው ረድፍ የተመዘገበ ተማሪ ማርክ አይገባለትም። በዚህ መንገድ ክፍት የተተዉ ሴሎች ለኤዲተሮች ሁሉ ክፍት ስለሆኑ የሒሳብ መምህሩ የፊዚክሱን ማርክ ከመለወጥ የሚያግደው የለም። ስለሆነም በእኔ እምነት እያንዳንዱን የማርክ ዓምድ ለብቻው ቆልፎ፣ «ካስተም» በሚለው ምርጫ የመምህሩን ኢሜይል ማስገባት የተሻለ ነው።

የራሱን ዓምድ ያለ ችግር የሚሞላ መምህር ሮስተሩን በማርክ ቅደም ተከተል ሊደረድር ሲሞክርም ይከለከላል፤ መደርደር የተቆለፉትን ስሞች ጭምር ስለሚያንቀሳቅስ ነው። ለዚህ የተቆለፈውን መክፈት አያስፈልግም፤ በሌላ ሺት ላይ በሶርት (SORT) ፎርሙላ የተደረደረ ዝርዝር ማውጣት ይበቃል። ቁልፉ ማረምን እንጂ ማየትን ስለማይከለክል፣ ለሌሎች መምህራን የማይገባ የተማሪ ምስጢር በዚህ ፋይል ውስጥ ባይቀመጥ ይሻላል።

ሮስተሩ በኤክሴል ከተሠራ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ሁሉም ሴል ከመጀመሪያው «ሎክድ» ተብሎ ስለሚመጣ፣ ሺቱ ከመቆለፉ በፊት የማርክ ሴሎቹን መርጦ፣ «ፎርማት ሴልስ» ውስጥ «ፕሮቴክሽን» ከሚለው ሥር ያንን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል።