ትንሿ ጀልባ ትልቋን መግጨት ያቆመችው እንዲህ ነው

ነፋሱ ከኋላ ሲሆን የምጎትታት የጎማ ጀልባ ማዕበሉ ላይ ተንሸራታ እየመጣች የባለሸራዋን ትልቅ ጀልባዬን ጀርባ ትደልቀው ነበር። ከዚያ የላላው ገመድ በአንዴ ተወጥሮ ጧ! ይላል። አንድ ቀን ሳየው የፊተኛው ቀለበት የተለጠፈበት ጎማ ከጠርዙ መላቀቅ ጀምሯል።

ገመዱን ባሳጥረው ባሰበት። የሠራልኝ ተቃራኒው ነው፦ ትልቋ አንዱን ማዕበል ስትወጣ ትንሿም የኋለኛውን እስክትወጣ ድረስ እየለቀቅኩ አስረዘምኩት። አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ገመዱ መንጨቱን ተወ። ማዕበሉ ሲቀየር ግን ርዝመቱም ይቀየራል፤ አስሮ መርሳት የለም።

ጫናው ለሁለት እንዲከፈል ከፊት ግራና ቀኝ ካሉት ቀለበቶች በ«ቪ» ቅርጽ አሰርኩ፤ ወዲያ ወዲህ መዋለሏም ቀነሰ። ሞተሯንና ነዳጇን ትልቋ ላይ ጫንኩ፤ ብትገለበጥ እንኳ የሚሰምጥ ነገር የለም።

የድሮው ገመድ ናይለን ስለሆነ ይሰምጣል። ወደብ ላይ ወደኋላ ስሄድ የትልቋ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው) ላይ ሊጠመጠም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። አሁን ገመዱ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከመጠጋቴ በፊት ስቤ አሳጥረዋለሁ። ማዕበሉ ከበረታማ ጨርሶ አልጎትታትም፣ አስተንፍሼ እጭናታለሁ።