በማሰሮ የተተከለ አደስን የሚገድሉ ስህተቶች

አደስ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። ዕድገቱ ግን ዝግ ያለ ነው። ችግኝ የሚገዙኝ ብዙዎቹ ይህን ሁለተኛውን ነገር ይረሱታል።

ያለጊዜው መልቀም። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ገና ክንድ ያልሞላች ችግኝ በተተከለች በወሩ፣ ለፀጉር ቅቤ ተብሎ ቅጠሏ ተመልጦ ያልቃል። ከዚያ "አደሱ ደረቀብኝ" ተብሎ ይደወልልኛል። ተክል ምግቡን የሚሠራው እኮ በቅጠሉ ነው! አደስ እንደ ጎመን ዛሬ ቆርጠውት በሳምንቱ አይተካም። ለቅቤው የደረቀ አደስ ከገበያ ግዙ፤ ችግኙን ቢያንስ ሁለት ዓመት ተዉት። ሲጠነክርም ቅጠሉን በእጅ አትመልጡ። የቅርንጫፉን ጫፍ በመቀስ ቁረጡ፣ በአንዴ ከሲሶው አትለፉ። ጫፉ ሲቆረጥ ከጎን አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። ሲመለጥ ግን ባዶ እንጨት ይቀራል። ነጩን አበባ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ እንቡጥ ከያዘ በኋላ አትቁረጡት።

ሳሎን ማስቀመጥ። ሽታው ደስ ስለሚል ሶፋው አጠገብ ይደረጋል። አደስ ፀሐይ ይወዳል፤ ቦታው በረንዳ ነው።

"ድርቅ ይችላል" ብሎ መርሳት። መሬት ላይ ስር ከሰደደ በኋላ አዎ፣ ይችላል። ማሰሮ ውስጥ ግን ስሩ ውኃ ፍለጋ የሚሄድበት ቦታ የለውም። በበጋ አፈሩ አንዴ ጨርሶ ከደረቀ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ላይኛው ከደረቀ ከታች እስኪወጣ አጠጡ።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። አንዲት ደንበኛዬ ሐምሌን ሙሉ ማሰሮውን ሳህን ላይ አስቀምጣ ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። ስናወጣው ስሩ ጠቁሮ ይሸት ነበር። ክረምት ሲገባ ሳህኑን አንሱ። ቀዳዳ የሌለው ማሰሮማ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይሆንም።

የመረሬ አፈር ብቻውን አትጠቀሙ፤ ውኃ ይቋጥራል። አሸዋና ኮምፖስት ቀላቅሉበት።

ለማፋጠን መሞከር። ዩሪያ ሲበዛ ስሩን ያቃጥላል። ትልቅ ማሰሮም አያፋጥነውም፤ ስሩ ያልደረሰበት አፈር ረጥቦ ይቆይና ያበሰብሰዋል። ስሩ ማሰሮውን ሲሞላ ትንሽ ወደሚበልጥ አዛውሩት።

ብርዳም አገር ያላችሁ፣ ውርጭ ሳይመጣ አስገቡት። ማሰሮ ውስጥ ያለ ስር ቅዝቃዜን መሬት ውስጥ እንዳለው አይቋቋምም። ማሞቂያ አጠገብ ግን አታስቀምጡት፤ ደረቁ ሙቀት ቅጠሉን ያረግፈዋል። ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ይሻለዋል።