ከዳታቤዝ አስተዳዳሪነት ለመውጣት ላሰባችሁ

ለዓመታት ዳታቤዝ ስታስተዳድሩ ቆይታችሁ ሥራው ከሰለቻችሁ፣ ከዜሮ ልጀምር ነው ብላችሁ አትሸበሩ። ቅርቡ በር ዳታ ኢንጂነሪንግ (ዳታን ከየምንጩ ሰብስቦ ለትንተና የማዘጋጀት ሥራ) ነው። የዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ ኤስኪውኤል እንደሆነ በእጃችሁ ነው። የቀርፋፋ ኩዌሪን (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄን) ኤክስኪዩሽን ፕላን፣ ማለትም ዳታቤዙ ጥያቄውን የሚፈጽምበትን ቅደም ተከተል፣ ከፍቶ የጎደለውን ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) ማግኘት ደግሞ ብዙ ፕሮግራመር የሚሸሸው ሥራ ነው።

የሚቀራችሁ በአብዛኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን ነው። እሱንም ኮርስ ከማሳደድ በገዛ ሥራችሁ ላይ ተማሩት። ለምሳሌ ባክአፑን ሙከራ ሰርቨር ላይ መልሶ እየጫነ በየሌሊቱ የሚፈትሽ ስክሪፕት ጻፉ። (ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ስልክም ይቀንስላችኋል!) ከዚያ ጊትን (የኮድ ለውጥ መከታተያውን) እና አንድ የክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) አገልግሎት ጨምሩ።

ሲቪው ላይ «ኦራክል ዳታቤዝ አስተዳድሬያለሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስንት ቴራባይት ዳታ እንዳዛወራችሁ፣ በዝውውሩ ጊዜ ሲስተሙ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ጻፉ።